መዳፍ የምታክል አረንጓዴ

የቆየ ቤንዚን ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል። ይህን የሚያውቀው ለብዙ ዓመት የቆመ መኪና ታንከር ከፍቶ ያሸተተ ሰው ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአስቴር ቤት የጋራዥ በር እየተንቋቋ ወደ ላይ ሲጠቀለል መጀመሪያ አፍንጫዬን የመታኝ ይኸው ሽታ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የታፈነ የወንበር ፕላስቲክ፣ ከእሱም ቀጥሎ የአይጥ። መኪናዋን ያየኋት ከሽታዋ በኋላ ነው። ሰው ሲያረጅ አፍንጫው ይደክማል ይላሉ። የእኔ አልደከመም፤ ቢደክምልኝ በወደድኩ።

ትዝታ የሚጽፉ ሰዎችን አንብቤያለሁ፤ ዘግይቼም ቢሆን አንብቤያለሁ። ብዙዎቹ ስለ ሹመታቸው፣ ስለ ትምህርት ቤታቸው፣ እጁን ስለጨበጡት ትልቅ ሰው ይጽፋሉ። እኔ ሹመት አልነበረኝም፣ ትምህርት ቤትም አልነበረኝም፤ የመኪና ቀለም ቀቢ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ በዚሁ አገር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ጉልበቴን አገጬ ድረስ በሚያመጣ የሕፃናት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ የምጽፈው ስለማውቀው ነገር ነው፤ መዳፍ ስለምታክል ቀለም። የመኪናዋን ስም አልጠራም። ከጠራሁት ነገ ጠዋት የሠፈሩ ደላላ ሁሉ አስቴር ላይ ስልክ ይደውላል። ሁለት በር ናት፣ አፍንጫዋ ረዥም፣ ጭኗ ሰፊ፣ ስምንት ሲሊንደር፤ አሜሪካኖች ቤንዚን እንደ ውሃ በሚያፈሱበት ዘመን ለወጣት የሠሯት። ቀለሟ የጠርሙስ አረንጓዴ ነው፤ ጥላ ውስጥ ጥቁር ትመስላለች፣ ብርሃን ሲያገኛት ነው ማንነቷን የምታሳየው።

አስቴር የደሳለኝ ሚስት ናት። ደሳለኝ ጓደኛዬ ነበር፤ ባለፈው በረዶ ወቅት ሞተ። መኪናዋ የእሱ ናት። ከቀብሩ ወዲህ ከአስቴር ጋር ብዙም አልተደዋወልንም፤ አንድ ቀን ግን ስልኬ ጮኸ።

«መኩሪያ፣ ቅዳሜ ና። ለመኪናዋ ገማች ይመጣል።»

«እኔ ምን ልሠራ? ገማቹ ዓይን የለውም?»

«አንተ ቀለም ታውቃለህ። ና ብያለሁ» ብላ ዘጋችው። ፊደል ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ዛሬም እንደ ተማሪዋ ስልክ ትዘጋብኛለች።

እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ ነው። ስሙን የሰጠው ሞል ፈርሶ ስሙ ብቻ ቀርቷል። አሮጌዋን መኪናዬን ይዤ ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ዞሬ ስደርስ፣ ሮክቪል የምትኖረው ልጃቸው ሊያ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ጋሽ መኩሪያ፣ እንዴት ነዎት? ትራፊክ ነበረ እንዴ?»

«ትራፊክ የማይኖረው እኔ የምቀበር ዕለት ነው።»

«ኖ፣ እንደዚህ አይበሉ» አለችና ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገሩን አስረዳችኝ። ሁለት ገዢ አለ። አንደኛው መኪናዋ ተነክታ የማታውቅ ከሆነችና የሄደችው ማይል እውነት ከሆነ፣ እንዳለች ይዞ እንዳለች የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ሁለተኛው ግድ የለውም። «እሱ ሪስቶር ነው የሚያደርጋት። አፍርሶ፣ አዲስ ቀለም፣ አዲስ ወንበር፣ ኤቭሪቲንግ። እማዬ ያንን ሰምታ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ዳዲ ለሸጠችለት አሮጊት እንዳትለወጥ ፕሮሚስ አድርጎ ነበር፣ ያውቃሉ አይደል?»

አውቃለሁ። ሲምል አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ገማቹ ሪክ የሚባል ረዥም ሽበታም ነው፤ በሁለት እጁ ነጭ ጓንት አጥልቆ፣ ለጉልበቱ ትንሽ ስፖንጅ ይዞ መጣ። ገማች ሲባል እኔ የማውቀው ጎማውን ረገጥ ረገጥ አድርጎ ዋጋ የሚጥለውን ነበር። ይኼ እንዲያ አይደለም። የሚያብረቀርቀውን ነገር አያይም። አቧራ ይፈልጋል። ኮፈኑን ከፍቶ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሠራተኛ በቢጫ ጠመኔ ያሰመረውን ምልክት ሲያገኝ እንደ ሕፃን ፈገግ አለ። ከፓራፋንጎው ሥር ቀለም ተንጠባጥቦ የደረቀበትን ጉድለት አግኝቶ ፎቶ አነሳው። የፍሬኑን ፔዳል ላስቲክ በጣቱ ዳሰሰ፤ ጥርሱ አልተበላም። እንዲህ ያለችዋን መኪና «ሰርቫይቨር» ይላሉ አለ፤ ተርፋ የቆየች ማለቱ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ማየት ደስ ይላል፤ አንተኑ ሊያጋልጥህ እየተጠጋ ቢሆንም እንኳ ደስ ይላል።

ቆጣሪው 7031 ይላል። ሪክ መብራት አብርቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ። ቆጣሪው አምስት ቤት ብቻ ነው አለ፤ መቶ ሺህ ሲሞላ ተመልሶ ከዜሮ ይጀምራል። ይቺ ሰባት ሺህ ሄዳ ይሆናል፣ መቶ ሰባት ሺህም ሄዳ ይሆናል። እሱ ሰባት ሺህ ነው ብሎ ያምናል፤ ገዢው ግን የሚያምነው ወረቀት ነው። አስቴር ደሳለኝ መኪናዋን የገዛበትን ወረቀት ሰጠችው። ማይል የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው።

«ለምን ባዶ ሆነ?» አለ።

አስቴር ዞራ እኔን አየችኝ። እኔ ጎማውን አየሁ።

ደሳለኝን ያወቅሁት ሱዳን ነው፤ እዚህ የተገናኘነው ግን ከዓመት በኋላ፣ እሱ መሀል ከተማ አንድ ሕንፃ ሥር የሰው መኪና ሲያቆም፣ እኔ ከዱክ ስትሪት ገባ ብሎ በነበረ ቦዲ ሾፕ፣ የተጋጨ መኪና በሚጠገንበት፣ ቀለም ስቀባ ነው። ያኔ አንድ አፓርታማ ለአምስት ነበር የምንይዘው። ዶሮ ርካሽ ነበር፤ ክንፍ ደግሞ ሥጋ ሻጩ እንደ መጣያ ነበር የሚሰጠን፣ ዛሬ ክንፍ የሀብታም ምግብ ሆኗል። አውቶቡስ የሚቀበለው ሳንቲም ብቻ ስለነበር ኪሳችን እንደ ፈረስ ቃጭል ይጮኻል። ከአሮጌ ልብስ መሸጫ የገዛነው ኮት ትከሻው እንደ በር ሰፊ ነው፤ አምስታችንም ያንን ለብሰን ጆርጂያ አቬኑ ላይ ስንሄድ ሱቅ የሚዘርፍ ጓድ እንመስል ነበር። ካሴታችን ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ስለነበር ዘፋኙ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚዘፍን ይመስላል፤ ግጥሙን ከመድረክ ስሰማው ብዙ ጊዜ ሌላ ዘፈን ይሆንብኛል። ደሳለኝ የቤቱ ጸሐፊ ነበር። የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ እያነበበ ይተረጉማል። የእኔንም ያነብልኛል። አንብብልኝ አልለውም ነበር፤ ፖስታውን ጠረጴዛ ላይ ጥዬ «ዓይኔን አሞኛል» እላለሁ። ቦዲ ሾፕም ያው ነበርኩ። ወረቀት ሲሰጡኝ መነጽሬን ረሳሁ እላለሁ። መነጽር ሳይኖረኝ ስምንት ዓመት ሙሉ መነጽሬን ረሳሁ።

ማንም አልነቃም። የነቃ ካለም ምላሱን ነክሷል፣ ምክንያቱም እጄ ጥሩ ነበር። ሌሎቹ ቀለም የሚበጠብጡት የቆርቆሮውን ቁጥርና ቀመር እያነበቡ ነው። እኔ ማንበብ ስለማልችል በዓይኔ ነበር የምበጠብጠው። አንዲት ጠብታ ጥቁር፣ ግማሽ ጠብታ ቢጫ፣ በእንጨት አማስሎ ጥፍር ላይ መቀባት፣ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ማየት። አለቃው ቀመሩ ያልያዘለትን መኪና ሁሉ ለእኔ ያመጣ ነበር። ድንቁርናዬ ነው ባለሙያ ያደረገኝ።

ሚስ ኤለን የምትባል አንዲት አሮጊት በየሳምንቱ ማክሰኞ ደሳለኝ ወዳለበት ሕንፃ ለሐኪም ትመጣ ነበር። ደሳለኝ መኪናዋን ለመውጫው ቅርብ ያቆምላታል፤ በብርድ ጊዜ ከመውረዷ በፊት ያሞቅላታል። ለሌላውም እንዲሁ ነበር፣ ግን እሷ ቆጠረችለት። አንድ ቀን ቤቴ አንድ መኪና አለ፣ ናና እየው አለችው። እኔን ይዞኝ ሄደ፤ «ቀለሙን እይልኝ» ብሎ። አሌክሳንድሪያ፣ ከሴሚናሪ ሮድ ገባ ብሎ፣ የእንጨት ጋራዥ። በሩን ራሷ ነው የከፈተችው። ልጇ አንድ በጋ ሙሉ የመኪናዋን ገላ እያሻሸ ነድቷት፣ ከዚያ ቬትናም ሄዶ አልተመለሰም። ጃኬቱ የኋላ ወንበር ላይ ነበር፤ ማበጠሪያው የፀሐይ መከለያው ላይ ተሰክቶ። ሚስ ኤለን የነጂውን በር ከፍታ በሩ ሲከፈት ብቻ በሚታየው ጠርዝ ላይ የሆነ ነገር በጣቷ እያሳየች ለደሳለኝ ታወራለች። እኔ ኮፈኑ ጋ ነበርኩ። ያንን አረንጓዴ አይቼ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም። ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ ያችን ደቂቃ ኮፈኑን ትቼ በሩ ጋ ብቆም ኖሮ እላለሁ።

በማይገባ ርካሽ ዋጋ ሸጠችለት፤ እንዳለች ትኑር፣ ማንም አይለውጣት ብላ አስማለችው። ማለ። ወረቀቱን ሲጽፉ የማይሉን ቦታ እጇን አወዛውዛ አለፈችው፤ በሩ ላይ አለ አለች። ይህን የሰማሁት ኋላ ነው።

ለሁለት በጋ እሁድ እሁድ ሚስ ኤለንን ጎኑ አስቀምጦ እዚያው ሠፈሯ አይስክሬም ሊያበላት ይወስዳት ነበር። እሷ ሻሽ አስራ፣ እሱ ያንን ሰፊ ኮት ለብሶ። ሰው ቆሞ ያያቸዋል። ከዚያ እሷም ሞተች። ከዚያ ወዲህ በዓመት አንድ ቀን፣ በልጇ ልደት፣ መቃብራቸው ድረስ ነድቷት ይመለሳል፤ ሌላ ቀን አትንቀሳቀስም። አስቴርን ሊያገባ እንኳ በኪራይ መኪና ነው የሄደው። «ሰውዬው ያላመነው ሚስቱን ነው መኪናዋን?» እያልን ሳቅንበት።

ከዚያ የእናቱ መርዶ መጣ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ያኔ ደግሞ ጭራሽ። ስምንት ሆነን ጎህ ሲቀድ ሄደን አረዳነው፤ ከበሩ አንኳኪዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ለቀብር ባይደርስም ለለቅሶ ሄደ። የመኪናዋን ቁልፍ ለእኔ ተወልኝ፤ በሳምንት አንዴ ሞተሯን እንዳስነሳ። እሱ አገር ቤት እያለ እኛ እዚህ ቤቱን ማሰናዳት ጀመርን። ሐዘንተኛ ሲመለስ ቤቱ ቀዝቅዞ እንዳይጠብቀው ሁሉም ያለውን ያመጣል፤ ወጉ ነው። አንዱ ግድግዳውን ቀባ። አንዷ መጋረጃውን ቀየረች። አስቴር ሊያን በሆዷ ይዛ አልጋ ታነጥፋለች። እኔ ከእጄ በቀር ምን አለኝ? ጋራዥ ገባሁ።

መኪናዋ ምንም እንከን አይወጣላትም። ዞሬ ዞሬ ፈለግሁ። በመጨረሻ የነጂውን በር ስከፍት፣ ከመዝጊያው በታች፣ መዳፍ በምታክል ቦታ ላይ ቀለሙ ተቧጥጦ አገኘሁ። ሚስማር ወይ ቁልፍ ነው የሠራው። ጣቴን አስኬድኩበት፤ ሙያተኛ ጥልቀቱን በጣቱ ነው የሚያውቀው። መጀመሪያው ሁለት ጉብታ፣ ከዚያ ክብ፣ ከዚያ እንደገና ሁለት ጉብታ። ከዚያ የተያያዘ መንጫጫር። ቁጥር ድሮም አውቅ ነበርና አልዋሽም፤ መሀል ላይ አንዲት ስድስት የምትመስል ነገር አይቻለሁ። አይቼ፣ ቁልፍ ሲዞር የሠራው ነው ብዬ አለፍኩ። የሰፈር ዱርዬ ያበላሸውን ለጓደኛዬ ላጥፋለት አልኩ። በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ስቱኮ ነካ አደረግሁበት። አረንጓዴውን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሲደርቅ ዘጋሁት፣ ከፈትኩት፣ ዘጋሁት። የት እንደነበረ ራሴም አጣሁት። ደስ አለኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደሳለኝ ጥቁር ለብሶ፣ ጢሙን አሳድጎ ተመለሰ። ሰዉ ሲበተን እጁን ይዤ ወደ ጋራዡ ወሰድኩት። በሩን ከፍቼ «በል እስቲ እይ» አልኩት። አየ። ብዙ ጊዜ ቆሞ አየ። እጁን ቦታው ላይ አሳረፈው። ምስጋና እየጠበቅሁ ነበር።

«እጅህ ይባረክ» አለኝ።

«ይኸው ነው?»

«ደክሞኛል መኩሪያ» አለና ወደ ቤት ገባ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ቅዳሜ ጠዋት በሬን አንኳኳ። በእጁ ደብተርና እርሳስ ይዟል።

«ልበስ። አስቴር ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ልጆች ታስተምራለች። አንተም ትገባለህ።»

«ምን ልሁን ብዬ?»

«ማንበብ ልትችል።»

«ዓይኔን ነው የሚያመኝ።»

«ዓይንህን አያምህም። ልበስ።»

ሰደብኩት። እዚህ የማልጽፈውን ነው የሰደብኩት። መኪና ገዝቶ እኔን አፈረብኝ ነው ያልኩት በልቤ። እሱ አልተቆጣም፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጫማዬን እስካስር ጠበቀ። ለሁለት ዓመት በየቅዳሜው እንዲሁ ወንበር ስቦ ጠበቀኝ። ግን መኪናዋ ጋ ድጋሚ አልወሰደኝም። ቁልፏን አልሰጠኝም። ከእናቱ ሞት ወዲህ በመካከላችን የሆነ ነገር ቀዘቀዘ፤ እኔ ደግሞ ኩራት ነው ብዬ ያዝኩበት። ሰው ጉዱን ሌላው ሲያይበት ንቀት ይመስለዋል። ፊደል ባስተማረኝ ሰው ላይ ነው ቂም የያዝኩት።

አማርኛውን ስጨርስ አስቴር ወደ እንግሊዝኛው አሻገረችኝ። ለሊያ የተገዛውን የሕፃን መጽሐፍ ገልጣ አንዷን ቃል አሥር ጊዜ ጻፍ አለችኝ። እርሳሴን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። ሁለት ጉብታ። ክብ። ሁለት ጉብታ። እጄ ቆመ። ጣቴ ያንን መንገድ ያውቀዋል። ቃሉ «ማም» ነው፤ «እማ» ማለት። ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብዬ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ዱርዬ አልነበረም። ልጁ ነበር። የቀረውን መንጫጫር ጣቴ አላስታወሰውም፤ ምን እንደጻፈላት አላወቅሁም፣ ከዚያች ቃል በቀር።

ለደሳለኝ አልነገርኩትም። በመጀመሪያው ሳምንት እነግረዋለሁ አልኩ። ከዚያ አላየው ይሆናል አልኩ። ከዚያ ዓመቱ ሄደ። ሊያ ስታገባ አብረን ቆምን፣ ሲታመም አልጋው ጫፍ ተቀምጬ ስለ ፖለቲካ አወራሁት። ያችን አልነገርኩትም። ሞተ።

ሪክ ከቦርሳው የእጅ ስልክ የምታክል መሣሪያ አወጣ። የቀለም ውፍረት ትለካለች። ኮፈኑ ላይ ጠጋ ያደርጋታል፣ ቲክ ትላለች፣ ቁጥሩን ይጽፋል። ፓራፋንጎው፣ ጣሪያው፣ የቀኙ በር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር። በእኔ ዘመን ይቺ ነገር አልነበረችም። የነጂውን በር ከፈተ። ጠርዙን ከላይ ወደ ታች ወረደበት። ቲክ። ቲክ። ከመዝጊያው በታች ሲደርስ ቁጥሩ እጥፍ ሆነ። ደግሞ ሞከረ። ጓንቱን አውልቆ በጣቱ ዳሰሰ፣ መብራቱን አዙሮ አየ፣ ምንም አይታይም። እዚህ ሰው ነክቷል አለ። በዓይን አይለይም፣ ግን ተቀብቷል፤ አንድ ቦታ ከተደበቀ ደግሞ ገዢው ሁሉንም ነው የሚጠራጠረው።

«ሁ ዉድ ፔይንት ጀስት ዛት? እዚህ ብቻ ማን ይቀባል?» አለች ሊያ። «እማዬ፣ ዳዲ ነው?»

አስቴር አሁንም ታየኛለች። ክፍል ውስጥ መልሱን የሚያውቅ ተማሪ እጁን እስኪያወጣ እንደምትጠብቀው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሶሪ?»

«እኔ ነኝ የቀባሁት ሊያ። ንገሪው። ጽሑፍ ነበረው። ልጁ ለእናቱ የጻፈው ነው። ጭረት መስሎኝ አጠፋሁት። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር።»

ሊያ ዞራ ለሪክ ማስረዳት ጀመረችና መሀል ላይ ትታው እኔን አየችኝ። ሕይወቷን ሙሉ የልደት ካርድ የጻፍኩላት ሰው ነኝ፤ ድሮ ማንበብ እንደማልችል አላወቀችም ነበር። አስቴር ቤት ገብታ አንዲት የደብዳቤ ፖስታ ይዛ ወጣች።

«እጅህ የቆመ ቀን አይቼሃለሁ» አለችኝ። «ወንበሬ ላይ ሆኜ አየሁህ። ማታ ለደሳለኝ አነበበው አልኩት።»

«ያውቅ ነበር?»

«ከአገር ቤት የተመለሰ ቀን ነው ያወቀው። በሩን ስትከፍትለት ማንበብ እንደማትችል ገባው፤ ጽሑፍ መሆኑን ብታውቅ እንደማትነካው ያውቃል። ለዚህ ነው ደብተር ይዞ የመጣብህ።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«አንተ እስክትነግረው ይጠብቅ ነበር። ፖስታውን ስጠውና ይገላገል አልኩት። ራሱ ይንገረኝ አለ። ሁለታችሁም ግትር። አንዱን ቀበርነው።»

ፖስታው ውስጥ መኪናዋን በገዛ ቀን ያነሳው ፎቶ ነው። የተከፈተ በር፣ የሚስ ኤለን ጣት ጫፍ፣ ከጣቷ አጠገብ የተቧጠጠ ጽሑፍ። ዛሬ መነጽር አለኝ። አጠለቅሁና አነበብኩት። «እማ፣ 6214። ማንም እንዳይነዳት። ስመለስ ቆጣሪዋን አያለሁ» ይላል። ፎቶውን ገለበጥኩት። በስተኋላው በአማርኛ፣ ለጀማሪ እንደሚጻፈው ፊደሉ ተለያይቶ፣ ጎልቶ፣ የደሳለኝ እጅ፤ «መኩሪያ፣ ይህን ስታነበው ንገረኝ። ምንም አልልህም።»

ሪክ ፎቶውን ተቀብሎ በማጉያ ቁጥሯን አየ፣ ቆጣሪውን አየ፣ ወዲያና ወዲህ አደረገ። ይህ ፎቶና የቀባው ሰው የእጅ ጽሑፍ አብረው ከቀረቡ ይበቃል አለ፤ ማይሏ ተረጋገጠ፣ ጠባሳዋም ምክንያቱ ታወቀ። የመጀመሪያው ሰውዬ እንዳለች ይወስዳታል። ማን፣ ምን፣ ለምን ብሎ ይጻፍና ይፈርም አለ። ባዶ ወረቀት ሰጠኝ። ኮፈኑ ላይ አልጻፍኩም፤ አስቴር የምትጠቀምበትን የብረት ወንበር ስቤ ጉልበቴ ላይ ጻፍኩ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ዛሬም ፊደል አላያይዝም።

ሊያ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ልትገለብጥ ወሰደችው። ድምፅዋን አውጥታ አነበበች። «ይህን በር ያሸሁትና የቀባሁት እኔ ነኝ። ጽሑፍ መሆኑን አላወቅሁም። ማንበብ አልችልም ነበር። ማንበብ ከቻልኩ በኋላ አውቄያለሁ። ባለቤቱ በሕይወት እያለ አልነገርኩትም።» ቀና አለች። «ጋሽ መኩሪያ፣ የመጨረሻዋ ሴንተንስ ለሪፖርቱ አታስፈልግም። ስኪፕ ላድርጋት?»

«ጻፊያት።»

«ግን እነሱ እኮ—»

«ጻፊያት ብሎሻል» አለች እናቷ።

ጎንበስ ብላ ስትጽፍ እኔ ወደ በሩ ሄድኩ። ጓንት አላደረግሁም። ሪክ ሊከለክለኝ አፉን ከፍቶ ተወው። ጣቴን ከመዝጊያው በታች አስኬድኩት፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና። ሁለት ጉብታ የለም። ክብ የለም። የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያልቅ እኔ ራሴ አላገኘሁትም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጥሩ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።